ካይቲኔዜ ኮለም ውስጥ ገብቶ ሞቶ ይወጣል፣ ምን ላርግ?

ሻጋታዋ፦

ሰላም ወገኖች። ረጅም ነው ይቅርታ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ባዮቴክ። ቴሲሴ የአስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ካይቲኔዝ (ካይቲንን የሚቆርጠው ኢንዛይም) ላይ ነው። ፉሚጋተስን ለማታውቁት፣ ብስባሽ ላይ፣ የተከመረ እህል ላይ፣ አቧራ ውስጥ ሁሉ ያለ አረንጓዴ ወደ ግራጫ የሚያደላ ሻጋታ ነው። ሁላችንም በየቀኑ ስፖሩን እንተነፍሰዋለን ምንም አንሆንም፣ ግን በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ሲያገኝ ወይ ደግሞ ቲቢ ታክሞ ድኖ ሳንባው ውስጥ ክፍተት የቀረበት ሰው ሲያገኝ እዛው ቤቱን ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እኤአ በ2022 ያወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያው ምድብ ላይ 4 ፈንገሶች አሉ፣ አንዱ እሱ ነው።

እኔ ፈንገሱን ራሱን አልነካሁትም (እናቴ እንዳትሰጋ ነው ይሄን የምጽፈው)። ካይ-ቢ1 የሚባለው ጂን ተሠርቶ መጣልኝ፣ ፔት ቬክተር (ጂን ተሸካሚ ዲኤንኤ) ውስጥ ነው ያለው፣ ሂስ-ታግ (ኒኬል ላይ የሚጣበቅ ጭራ) አለው፣ ኢ. ኮላይ ቢኤል21 ባክቴሪያ ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ 37 ዲግሪ ላይ አይፒቲጂ (ጂኑን የሚያስነሳውን) ስሰጠው ፕሮቲኑ በሙሉ ጓል ሆኖ ከታች ቀረ፣ ከዛ አንዱ ሲኒየር 18 ዲግሪ ላይ አሳድሪው አለኝ፣ እውነትም ተስተካከለ። ጄል ላይ 50 ኪሎዳልተን አካባቢ ድብን ያለ ባንድ አለኝ፣ ፎቶውን ስልኬ ስክሪን ላይ አድርጌዋለሁ ብላችሁስ።

አሁን ችግሩ። ሴሉን ሰብሬ ላይሴቱን (የወጣውን ፈሳሽ) ስለካው አክቲቪቲ አለ፣ ያበራል። ኒኬል ኮለም ውስጥ አሳልፌ ኢሉሽኑን (ኮለሙ ከያዘው በኋላ ያስለቀቅኩትን) ስለካ ዜሮ። ባንዱ ግን ኢሉሽኑ ላይ ነው ያለው! ንጹህ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ። ይባስ ብሎ ሲያበራ የማገኘው ፍሎውስሩን ነው፣ ማለትም ኮለሙ ላይ ሳይያዝ ያለፈውን። ኢሚዳዞሉን (ፕሮቲኑን ከኒኬሉ የሚያስለቅቀውን) በዲያሊሲስ አወጣሁት፣ ግሊሰሮል ጨመርኩ፣ ኮለሙን ቀዝቃዛ ክፍል ወስጄ እዛው ብርዱ ላይ ቆሜ ሠራሁት፣ አራት ጊዜ ደገምኩት ያው ነው። አንዴማ ማታ መብራት ሄዶ ፍሪዘሩ ስለቀለጠ እሱ ይሆናል ብዬ ከዜሮ ጀመርኩ።

ሰብስትሬቴ (ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ነገር) 4-ኤምዩ ነው፣ ካይቲኑ ሲቆረጥ የሚያበራው። ሌላ ላብ ያለች ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ። በኮሎይዳል ካይቲንም ሞክሬ ነበር በዲኤንኤስ (ስኳር በቀለም የሚለካበት)፣ እዛ ላይ ላይሴቱም ኢሉሽኑም ምንም የለም፣ ከብላንኩ አይለይም። ኮሎይዳል ካይቲኑን ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ በአሲድ አሟምቼ አጥቤ፣ ለመመዘን እንዲመቸኝ 60 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አድርቄ ፈጨሁት።

አድቫይዘሬ ኢንዛይሙ ኮለም ላይ እየሞተ ነው፣ ከጓሉ አውጥተሽ እንደገና አጣጥፊው ይላል። እሱን ከጀመርኩ ደግሞ ይሄ ሴሚስተር አለቀ ማለት ነው። በናታችሁ ይሄን ነገር ያየ ሰው አለ?

—

ኑሮ በፒፔት፦

ሰላም እህቴ። ምንም ሳትነኪ በፊት ሁለት ነገር ንገሪኝ።

አንደኛ፣ የ4-ኤምዩውን ጠርሙስ አንሺና ላዩ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ስም ፊደል ሳትዘይ ጻፊልኝ። «4-ኤምዩ ነው» ማለት «መኪና ነው» እንደማለት ነው፣ የትኛው?

ሁለተኛ፣ ባዶ ቬክተር ብቻ ያለበትን ቢኤል21 ሰብረሽ ለክተሽ ታውቂያለሽ? ጂንሽ የሌለበትን ማለቴ ነው።

እስክትመልሺ ሪፎልዲንግ (እንደገና ማጣጠፍ) የሚባል ነገር እንዳትጀምሪ። በሚሟሟ መልክ የወጣ ፕሮቲን እጅሽ ላይ እያለ ከጓል ውስጥ ማውጣት ምን ይባላል።

—

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ይቅርታ እኔ የላብ ሰው አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ካይቲን የፈንገሱ የራሱ ግድግዳ የተሠራበት ነገር አይደል እንዴ? ታዲያ ፈንገስ ካይቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ምን ያረግለታል፣ የራሱን ቤት ሊያፈርስ?

—

ጡረተኛው ኬሚስት፦

ልጄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እሱን መጨረሻ ላይ እመልሰዋለሁ፣ መጀመሪያ የዚህችን ልጅ ኦቨን ላጥፋ።

ሻጋታዋ፣ ያ ያደረቅሽው ካይቲን ከእንግዲህ ኮሎይዳል አይደለም። ለዓመታት ተማሪ ሲያደርቀው አይቻለሁ፣ ሁሉም የሚሰጠው ምክንያት «ለመመዘን እንዲመች» ነው። ካይቲን ማለት ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተኝተው እርስ በርስ የተቆላለፉበት ነገር ነው። ጥቅጥቅ ባለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስታሟሚው ያንን ቁልፍ ትፈቺዋለሽ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወይም በረዶ የመሰለ ኤታኖል ውስጥ ስታፈሺው እንደ ልል አጥሚት ሆኖ ይወጣል፣ ኢንዛይሙም እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ ያገኛል። ስታደርቂው ውሃው ይወጣና ሰንሰለቶቹ እንደገና ይያያዛሉ። አሁን እጅሽ ላይ ያለው የተፈጨ ቀንድ በይው።

እንደዚህ አድርጊ። አዲስ ሥሪ፣ አሲዱን ሁድ ውስጥ፣ በብርድ፣ አዳር እያማሰልሽ። ከዛ ፒኤቹ 5 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ እጠቢው፣ ይሄ አሰልቺ ነው ግን አትዝለይው፣ የቀረ አሲድ ቡፈርሽን ይበላዋል። ከዛ እርጥቡን እንዳለ 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። መጠኑን ለማወቅ ከእርጥቡ 1 ሚሊሊትር ሦስት ቦታ ቅጂ፣ እነሱን ብቻ አድርቀሽ መዝኚ፣ በሊትር ስንት ግራም እንዳለ ታገኛለሽ። የደረቀውን ትጥይዋለሽ።

ዲኤንኤሱንም ተዪው። ለአሚሌዝ ለሴሉሌዝ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን ደካማ ነው። ስታንዳርድሽ ግሉኮስ ነበር አይደል? ካይቲኔዝ የሚያወጣው ግሉኮስ አይደለም፣ ባብዛኛው ሁለት ሁለት የተጣበቀ ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን (የካይቲን ሰንሰለት የተሠራበት ስኳር) ነው፣ ዲኤንኤስ ለእሱ የሚሰጠው ቀለም የቀዘዘ ነው፣ ሁለቱ ስኳር ተጣብቀው ደግሞ አንድ ጫፍ ብቻ ነው የሚቆጠርልሽ። ፌሪሳያናይዱን ተጠቀሚ፣ ሻይልስ የሚባለውን፣ አይሞቶና ያጊሺታ የሚባሉ ጃፓኖች እኤአ በ1971 ያሻሻሉት አለ። ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ በሶዲየም ካርቦኔት ውስጥ፣ ቢጫ ነው፣ ሳምፕልሽን ሴንትሪፊውጅ አድርገሽ ከላይ ያለውን የጠራውን ከእሱ ጋር 15 ደቂቃ ታፈይዋለሽ፣ ስኳሩ በበዛ ቁጥር ቢጫው ይሳሳል፣ 420 ናኖሜትር ላይ ታነቢዋለሽ። ስታንዳርዱን በኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን አድርጊው። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቡፈርሽ ውስጥ ዲቲቲ ወይም ሜርካፕቶኤታኖል ካለ ቢጫውን እሱ ራሱ ያጠፋውና «ኦ አክቲቪቲ!» ብለሽ ትጮኻለሽ። ቀድመሽ አውጪው።

አሁን ወደ ነርሷ (ወይ ነርሱ)። ቤት የሚያድስ ሰው ግድግዳ አያፈርስም? ፈንገስ እያደገ ሲሄድ ግድግዳውን መክፈት፣ ማስፋት፣ እንደገና መለሰን አለበት። የእንጀራና የዳቦ እርሾን ውሰጂ፣ ልጅ ሴል ከእናትየው ላይ አቆጥቁጣ ስታበቃ ሁለቱን የሚያያይዘው ካይቲን መቆረጥ አለበት። የዳቦው እርሾ ላይ ሲቲኤስ1 የሚባለው የካይቲኔዝ ጂን ሲጠፋ ሴሎቹ ሳይለያዩ እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ይቀራሉ። ሌላው ደግሞ ረሀብ ነው፣ ምግብ ሲያልቅ ሻጋታው የራሱን ያረጀ ክር ይበላል። የሞተ ነፍሳትም የሌላ ፈንገስም ካይቲን ይበላል። ፉሚጋተስ ለዚህ ሁሉ ከ10 በላይ የካይቲኔዝ ጂን ይዞ ነው የሚዞረው።

—

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ነርሷ ነው ጋሼ 😊 ገባኝ፣ አመሰግናለሁ።

—

ሻጋታዋ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ «የተፈጨ ቀንድ» ሲሉ ሳቄም እንባዬም አብሮ ነው የመጣው፣ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብኝ እሱ። ዲቲቲ ላይሲስ ቡፈሬ ውስጥ አለ፣ አወጣዋለሁ።

ኑሮ በፒፔት፣ ጠርሙሱን አየሁት፣ እንዲህ ይላል፦ 4-ሜቲልአምቤሊፈሪል ኤን-አሴቲል-ቤታ-ዲ-ግሉኮሳሚናይድ። ባዶ ቬክተሩን አልሞከርኩም፣ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ምክንያቱም ኢ. ኮላይ ካይቲን አይበላም ብዬ።

—

ኑሮ በፒፔት፦

አገኘነው መሰለኝ።

ያ ጠርሙስ የካይቲኔዝ ሰብስትሬት አይደለም። አንድ ስኳር ብቻ ነው ያለው፣ አንድ ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን እሱ ላይ የተንጠለጠለች 4-ኤምዩ። ያንን የሚቆርጠው ሄክሶሳሚኒዴዝ የሚባለው ነው፣ ጫፍ ላይ ያለችውን አንድ ስኳር የሚለቅመው። ያንቺ ካይ-ቢ1 ጂኤች18 ከሚባለው የኢንዛይም ቤተሰብ ነው፣ ገላው ላይ ረጅም ሸለቆ አለው፣ ሰንሰለቱ እዛ ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ በብዙ ቦታ ተይዞ ነው የሚቆረጠው። አንዲት ስኳር ብቻዋን ስትመጣ የሚይዝበት የለውም፣ ገብታ ትወጣለች። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሁለት ስኳር ያለው፣ ካይቶባዮሳይድ፣ ወይ ሦስት ያለው፣ ካይቶትሪዮሳይድ ነው።

እሺ ታዲያ ላይሴቱ ለምን አበራ ትያለሽ። ኢ. ኮላይ ናግ-ዚ የሚባል የራሱ ኢንዛይም አለው፣ ስራው የራሱን የሴል ግድግዳ ፍርፋሪ መልሶ ለመጠቀም ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚኗን መንቀል ነው፣ ያቺን ያንቺን ጠርሙስ ደግሞ ደህና አርጎ ይቆርጣታል። ሂስ-ታግ የለውም፣ ስለዚህ ኮለሙ ላይ አይያዝም፣ ፍሎውስሩ ውስጥ ይወጣል። ያንቺ ካይቲኔዝ ደግሞ ኮለሙ ላይ በደንብ ተይዞ በደንብ ወጥቶ ኢሉሽኑ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ግን የሚቆርጠው ነገር አልሰጠሽውም። ያየሽው ነገር በሙሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል፣ አንድም የሚያፈነግጥ የለም። ኢንዛይምሽ አልሞተም፣ የለካሽው የባክቴሪያውን ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ዛሬውኑ ታረጊዋለሽ። ባዶ ቬክተር ያለበትን ሴል አሳድጊ፣ እኩል አይፒቲጂ ስጪ፣ ሰብረሽ በዛው ጠርሙስ ለኪ። ያንቺን ያህል ካበራ አለቀ።

ትክክለኛውን ስታገኚ ደግሞ ሁለት ሦስት ነገር ልብ በይ። 4-ኤምዩ በደንብ የሚያበራው ፒኤቹ ከፍ ሲል ነው፣ ፒኤች 5 ወይ 6 ላይ ቀጥታ ፕሌት ሪደር ውስጥ ከተሽ ብታነቢ የምታዪው ጭላንጭል ነው፣ ስለዚህ ሪአክሽኑን በግላይሲን እና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቡፈር ፒኤች 10.6 አካባቢ አቁሚው፣ ከዛ አንብቢ፣ 360 አብርተሽ 450 ላይ። ኢንዛይሙን በጣም ስታቀጥኚው ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቅብሻል፣ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) 0.1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ጨምሪበት። ሰብስትሬቱ በዲኤምኤስኦ ነው የሚሟሟው፣ ብላንኩ ላይም እኩል ዲኤምኤስኦ ይኑር።

—

ትራይኮደርማ ለሁሉም፦

የኑሮ በፒፔት ነገር ትክክል ነው፣ እኔም አንዴ በዚችው ጠርሙስ ተሸውጃለሁ። እኔ የተክል በሽታ ሰው ነኝ፣ ትራይኮደርማ ነው የማሳድገው፣ ሌሎች ፈንገሶችን የሚበላውን። የምጨምረው ፖዘቲቭ ኮንትሮል የለሽም የሚለውን ነው። አንድም የሚሠራ ካይቲኔዝ ሳይኖርሽ ያንቺ አይሠራም ማለት አትችዪም። ከተክል ሳይንስ ሰዎች ትራይኮደርማ ለምኚ፣ አይነፍጉሽም በየፍሪጁ ሞልቷል፣ ካይቲን ብቻ ምግብ አርገሽ ስጪው፣ ጥቂት ቀን ቆይተሽ ፈሳሹን አጣሪ፣ እሱ ውስጥ ካይቲኔዝም ሄክሶሳሚኒዴዝም አለ፣ የትኛውም ሰብስትሬት ላይ ይሠራል። እሱም ከጠፋ የእንቁላል ነጭ፣ ሊሶዛይም ካይቲንን በደካማው ይቆርጣል፣ ቢያንስ አሴይሽ (ልኬትሽ) ቆሞ መሄዱን ያሳይሻል።

ማሽን አይገኝም ብለሽ ከተጨነቅሽ ደግሞ ኮሎይዳል ካይቲን (እርጥቡን! ጋሼ እንዳሉት) ከአጋር ጋር ደባልቀሽ ፔትሪ ዲሽ ላይ አፍስሺ፣ ወተት መስሎ ይረጋል፣ በቡሽ መብሻ ቀዳዳ አርጊበትና ኢሉሽንሽን ጨምሪበት፣ 37 ዲግሪ አሳድሪው፣ ሲነጋ ቀዳዳው ዙሪያ ጠርቶ መስታወት ከሆነ ኢንዛይምሽ አለ ማለት ነው። ቁጥር አይሰጥሽም ግን አድቫይዘር ያሳምናል፣ ፎቶው ያምራል።

በነገራችን ላይ በ2012 ያ የበረሃ አንበጣ የመጣ ጊዜ አንድ ጓደኛችን ካይቲን ከውጭ ከማዘዝ ብሎ በጆንያ ሰብስቦ መጣ። ክንፍና እግሩን ለየ፣ በሶዳ ቀቀለ፣ በአሲድ አጠበ፣ ካይቲን ወጣው እኮ እውነቱን ለመናገር። ግን ላቡ ለአንድ ወር የሸተተውን ሽታ እኔ ነኝ የማውቀው፣ በዛ ላይ መድሀኒት የተረጨ አንበጣ ይሁን ያልተረጨ ማን ያውቃል ተብሎ በመጨረሻ ተጣለ።

—

ሻጋታዋ፦

ተመለስኩ። 12 ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

ባዶ ቬክተሩ አበራ። እኩል ነው ያበራው፣ እንዲያውም ትንሽ በለጥ አርጎ። ፕሌቱን ሳየው መጀመሪያ ሳቅኩ ከዛ ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የኢ. ኮላይ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ስለካ ነበር ማለት ነው።

ከዛ ጋሼ እንዳሉት አዲስ ኮሎይዳል ካይቲን ሠራሁ፣ እጥበቱ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ፒኤች ወረቀቱ አልቆብኝ ከጎረቤት ላብ ለመንኩ። እርጥቡን እንዳለ ተጠቀምኩ፣ ዲቲቲውን በዲያሊሲስ አወጣሁ፣ በፌሪሳያናይድ ሠራሁት። የባዶ ቬክተሩ ቱቦ ቢጫ እንደሆነ ቀረ፣ የተቀቀለው ኢንዛይም ቱቦ ቢጫ፣ የኔ ኢሉሽን ቱቦ ግን ከፈላ ውሃው ሳወጣው ውሃ መስሏል ማለት ይቻላል። ማሽኑ ውስጥ ሳላስገባው በዓይኔ ነው ያየሁት። አጋሩንም ሠራሁት፣ ቀዳዳው ዙሪያ ጠርቷል፣ አድቫይዘሬ ፎቶውን አይቶ «ይሄማ ሕያው ነው» አለና ስለ ሪፎልዲንግ ድጋሚ አላነሳም፣ እኔም አላስታወስኩትም።

ካይቶባዮሳይዱን ኑሮ በፒፔት የጠቆመኝ ልጅ ትንሽ ሰጠችኝ፣ በጣም ትንሽ ነው እንደ ወርቅ ነው የምመዝነው፣ እሱም ላይ ይሠራል።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ መግቢያዬ ላይ ይሄን ጽፌያለሁ፦ «ካይ-ቢ1 ለፈንገሱ በሽታ አምጪነት ወሳኝ ስለሆነ ለአዲስ መድሀኒት ተስማሚ ዒላማ ነው»። ልክ ነው አይደል? ሁሉም እንደዛ ነው የሚጽፈው።

—

ኑሮ በፒፔት፦

በጣም ደስ ይላል! ያቺን የቱቦ ፎቶ ዲፌንስሽ ላይ አስገቢያት።

ዓረፍተ ነገሩ ግን ልክ አይደለም፣ ሰርዢው። «ሁሉም እንደዛ ይጽፋል» ያልሽው እውነት ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። የካይ-ቢ1 ጂን እኤአ በ2003 ተሰብሮ ታይቷል፣ ፈንገሱ እንደወትሮው አደገ፣ ቅርጹም አልተለወጠ፣ የቀነሰው ካልቸሩ አርጅቶ ራሱን መብላት ሲጀምር የሚወጣው ካይቲኔዝ ነው። «ወሳኝ» የሚለውን ቃል የሚያስጽፍ ነገር የለም። አንዱ ሲጠፋ ሌሎቹ ይሸፍናሉ፣ ወይ ደግሞ እኛ በምናሳድግበት ሁኔታ አያስፈልገውም። ካይቲኑን የሚሠራውን፣ ካይቲን ሲንቴዝን፣ ከሚቆርጠው ጋር እየደባለቁ ነው ብዙ ጊዜ እንደዚህ የሚጻፈው። ግድግዳ እንዳይሠራ ማድረግና እንዳያድስ ማድረግ አንድ አይደለም። ኤግዛሚነር ይሄን ካነሳብሽ ግማሽ ሰዓት ነው የሚያቆምሽ።

—

ጡረተኛው ኬሚስት፦

እዚህ ላይ ከኑሮ በፒፔት ጋር ነኝ፣ ግን ልጅቷን ባዶ እጇን አንስደዳት። ይሄ ፕሮቲን ለደም ምርመራ አንቲጅን (ሰውነት እንደ ባዕድ የሚያውቀው ነገር) ሊሆን ይችላል። በሽተኛው ይሄን ካይቲኔዝ አውቆ አንቲቦዲ ይሠራበታል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃው አካባቢ ኮክሲዲዮይድስ የሚባል ፈንገስ አለ፣ የሸለቆ ትኩሳት የሚሉትን ያመጣል፣ እዛ ለብዙ ዓመት ሐኪሞች በደም ምርመራ ሲጠቀሙበት የነበረው አንቲጅን እኤአ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲጣራ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ካይቲኔዝ። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ነበር በሽተኛ ሲለይ የኖረው።

ስለዚህ ልጄ፣ «መድሀኒት ዒላማ» ከማለት «ንጹህ የሆነ፣ የሚሠራ፣ ባህሪው የተለካ ፕሮቲን» በይ። የታከመ የቲቢ በሽተኛ እንደገና እያሳለ፣ ደም እየተፋ ሲመጣ ቲቢው ነው ወይስ ሻጋታው የሚለውን ለመለየት በሚቸገሩበት አገር ይሄ በቂ ምክንያት ነው።

—

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ጋሼ ይሄን ያሉትን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አክታው ኔጌቲቭ ሆኖ ኤክስሬዩ ላይ ክፍተት ያለበት ሰው፣ ሁለተኛ ዙር የቲቢ መድሀኒት ይጀመርለታል። ስለ ሻጋታ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላየሁም። በርቺ እህቴ።

—

ትራይኮደርማ ለሁሉም፦

ኢንሂቢተርስ (ኢንዛይሙን የሚያግዱ) አትሞክሪም? ካራክተራይዜሽን ያለ ኢንሂቢተር ጨው የሌለው ወጥ ነው። አሎሳሚዲን ጃፓኖች ከስትሬፕቶማይሲስ ያወጡት ነው፣ ለጂኤች18 አለቃው እሱ ነው፣ ግን ተዪው ለኛ አይቀመስም። ካፌይን አለሽ አይደል?

—

ሻጋታዋ፦

ካፌይን?? እየቀለድክ ነው አይደል።

—

ኑሮ በፒፔት፦

አይቀልድም። እኤአ 2005 ስኮትላንድ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች በዚሁ ባንቺው በካይ-ቢ1 ላይ ነው የሠሩት፣ ካፌይን፣ ቲዮፊሊን (የአስም መድሀኒቱ) እና ፔንቶክሲፊሊን ሸለቆው ውስጥ ገብተው ሲዘጉት ክሪስታል ላይ አሳይተዋል። ፔንቶክሲፊሊን ከሦስቱ ይበልጣል፣ ካፌይን ደካማ ነው፣ በመቶዎች ማይክሮሞላር ነው የሚያስፈልገው። ግን ላንቺ ደካማነቱ ችግር የለውም፣ ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ የታተመ ነገር ስለሆነ ያንቺም ኢንዛይም በዛው መጠን ከተያዘ በትክክል መታጠፉን ያሳይልሻል። ኮንትሮል አርጊው።

እና ማንም ከመጻፉ በፊት፣ አይ፣ ቡና መጠጣት ሻጋታ አይገድልም። ቡና የጠጣ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካፌይን ጥቂት ማይክሮሞላር፣ ቢበዛ በአስሮች ነው፣ ሦስተኛውን በረካ ጨምረሽም መቶዎቹ አትደርሺም። በዛ ላይ ኢንዛይሙ ቢዘጋስ ፈንገሱ እንደሚያድግ አይተናል። ሰውም ራሱ ሁለት ጂኤች18 ካይቲኔዝ አለው፣ ካይቲን ባይኖረንም፣ አንዱ ካይቶትሪዮሲዴዝ ነው የጎሼ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ከፍ የሚለው፣ ሸለቆው ይመሳሰላል፣ መድሀኒት የሚሠራ ሰው የፈንገሱን ዘግቶ የሰውን መተው አለበት።

—

ዝም ብዬ አንባቢ፦

እኔ ልጽፈው ነበር እኮ 😂 አክስቴ «ቡና ለሳንባ ጥሩ ነው» ትል ነበር፣ ልነግራት ነበር።

—

ሻጋታዋ፦

ካፌይን ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት አለ፣ ነገ እጠይቃለሁ። መግቢያዬን ቀየርኩት፣ «ወሳኝ» ወጥቷል።

የመጨረሻ ጥያቄ ብዬ እምላለሁ። ካይቶባዮሳይዱን መጠን እየጨመርኩ ፍጥነቱን ስስለው መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዛ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ይወርዳል። እንደ ኮረብታ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት ያው ኮረብታ ነው። ምካኤሊስ-ሜንተን (ወጥቶ ጠፍጣፋ የሚሆነው የፍጥነት ቀመር) አይገጥምም፣ ሰብስትሬቴም እያለቀ ነው፣ አሁን ደግሞ ምን አበላሸሁ?

—

ኑሮ በፒፔት፦

ምንም አላበላሸሽም፣ ጂኤች18 እንደዛ ነው። ኢንዛይሙ ሰንሰለቱን ሲቆርጥ የያዘውን ቁራጭ ውሃ መጥታ ነው የምታስለቅቀው፣ ሰብስትሬቱ በጣም ሲበዛ ግን ከውሃዋ ቀድሞ ሌላ ስኳር ይመጣና ቁራጩን በራሱ ላይ ያስቀጥላል፣ መቁረጡ ቀርቶ መቀጠል ይሆናል፣ ትራንስግላይኮሲሌሽን ይሉታል። ስሌትሽ ይዛባል። ኮረብታው ከሚወርድበት በታች ባሉት ነጥቦች ብቻ ቀመሩን አስገጥሚ፣ ለምን እንደቆረጥሽው ቴሲሱ ላይ በአንድ አንቀጽ ግለጪ፣ ሙሉውን ኮረብታም አሳዪ እንጂ አትደብቂው። እና ከሰብስትሬቱ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይቆረጥ ኢንዛይሙን አቅጥኚ ወይ ጊዜውን አሳጥሪ፣ አለዚያ የምትለኪው የመጀመሪያ ፍጥነት አይሆንም።

የቀረሽን ሰብስትሬት ታች ያሉት ነጥቦች ላይ አውይው፣ ላይኛዎቹን ከእንግዲህ አትድገሚ።

—

ጡረተኛው ኬሚስት፦

ያደረቅሽውን ካይቲን ግን አትጣይው። በእርጥቡና በእሱ ጎን ለጎን ሥሪና አንድ ግራፍ አድርጊው፣ ኢንዛይሙ ክሪስታሉን እንደማይወድ የሚያሳይ ዳታ ነው፣ የፈጀሽው ሁለት ሳምንትም ምዕራፍ ውስጥ ይገባልሻል።

—

ሻጋታዋ፦

ጋሼ!! ቆሻሻ ቅርጫት አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት፣ አሁን ሮጬ ሄጄ አነሳሁት። ክዳኑ ላይ «ኮሎይዳል» የሚለውን ሰርዤ «ቀንድ» ብዬ ጽፌበታለሁ።